ሶልቬሽን፣ ክሮማቶግራፊ እና የሞለኪውሎች መሳሳብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ላብ ውስጥም ክላስ ውስጥም ሰው ደጋግሞ የሚያነሳቸው ናቸው፣ ከቀላሉ ጀምረን ወደሚያከራክረው እንሄዳለን።

ሶልቬሽን ምንድነው? ከመሟሟት ጋር አንድ አይደለም እንዴ?

ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። መሟሟት በአይን የምናየው ውጤት ነው፣ ዱቄቱ ፈሳሹ ውስጥ ገብቶ ጠፋ፣ በቃ። ሶልቬሽን ግን አንድ ሞለኪውል ወይም አዮን ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ ዙሪያውን ያሉት የፈሳሹ ሞለኪውሎች የሚያደርጉት ነገር በሙሉ ነው፣ ቦታ ይለቁለታል፣ ፊታቸውን ያዞሩለታል፣ ተጠግተው ይይዙታል፣ ከዛ ደሞ አንዱ ሲለቅ ሌላው ይተካል። ፈሳሹ ውሃ ሲሆን ሃይድሬሽን ይሉታል፣ ሌላ የተለየ ነገር የለውም።

ቁጥሩ ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አንድ ሞል የሶዲየም ክሎራይድ ክሪስታል አፍርሶ አዮኖቹን ለየብቻ ለመበተን ወደ 787 ኪሎጁል ያስፈልጋል፣ ብዙ ነው፣ ግን ውሃው አዮኖቹን ሲከብ ወደ 783 ኪሎጁል ይመልሳል። ተቀናንሶ የሚቀረው 4 ኪሎጁል ገደማ ብቻ ነው፣ ጨው ሲሟሟ ውሃው በጣም ትንሽ ቀዝቀዝ የሚለው ለዛ ነው። ሁለት ግዙፍ ቁጥሮች ተጣፍተው ትንሽ ትርፍ ወይ ትንሽ ኪሳራ ይቀራል፣ ከዚህ በታች የምናወራው ነገር አብዛኛው በዚች ቀሪ ላይ የቆመ ነው።

ሞለኪውሎች የሚሳሳቡት በምን በምን ነው? የቱ ነው ጠንካራው?

ሁሉም ሞለኪውል ያለው ዲስፐርሽን የሚባለው ነው፣ የኤሌክትሮኑ ደመና ለቅጽበት ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል የጎረቤቱንም ያዘነብለዋል፣ ከዛ ይሳሳባሉ። ለብቻው ደካማ ነው፣ ግን በሞለኪውሉ ሙሉ ገላ ላይ ስለሚደመር ትልቅ ሞለኪውል ላይ ቀላል አይምሰላችሁ። ከዛ ዳይፖል ያላቸው ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ጫፋቸውን እያገናኙ የሚሳሳቡት አለ፣ ሃይድሮጂን ቦንድ አለ (የአንዱ በከፊል ፖዘቲቭ የሆነ ሃይድሮጂን ወደ ሌላው ኦክስጅንን የመሰለ አተም ሲሳብ)፣ አዮን ከዳይፖል ጋር ያለው ደሞ ከነዚህ ሁሉ ይበረታል።

በቁጥር ካስፈለገ የካርቦንና የካርቦን ኮቫለንት ቦንድ (አተሞችን ሞለኪውል ውስጥ የሚያስተሳስረው) ወደ 350 ኪሎጁል በሞል ነው፣ ውሃ ከውሃ ጋር ያለው ሃይድሮጂን ቦንድ ወደ 20፣ በ25 ዲግሪ ላይ ሙቀቱ ራሱ የሚያመጣው መንቀጥቀጥ (አርቲ የምንለው) ደሞ 2.5 ገደማ። ሃይድሮጂን ቦንዱ ከሙቀቱ ይበልጣል ግን ብዙ ጥሎት አይሄድም፣ ስለዚህ ውሃ ውስጥ በፒኮሰከንዶች ውስጥ ይበጠሳል መልሶ ይቀጠላል። ክሮማቶግራፊ (ድብልቅን ኮለም በሚባል ቱቦ ውስጥ እያሳለፉ መለያየት፣ ከታች ይመጣል) የሚሰራውም በዚሁ ምክንያት ነው፣ ይይዛል ግን ደሞ ይለቃል። መሳሳቡ እንደ ኮቫለንት ቦንድ የጠነከረ ቢሆን ኮለሙ ላይ የገባው ሁሉ እዛው ተጣብቆ ይቀር ነበር።

«ተመሳሳይ ተመሳሳዩን ያሟሟል» የሚባለው እውነት ነው?

ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል፣ ከዛ በኋላ ግን ያሳስታል። አሴቶንና ክሎሮፎርም ውሰዱ፣ ሲደባለቁ ይሞቃሉ፣ ማለትም እርስ በርስ የሚሳሳቡት እያንዳንዳቸው ከራሳቸው ጋር ከሚሳሳቡት በላይ ነው። ምክንያቱ ተመሳሳይ መሆናቸው ሳይሆን አለመመሳሰላቸው ነው፣ ክሎሮፎርም ሃይድሮጂን ይሰጣል ግን ጥሩ ተቀባይ የለውም፣ አሴቶን ደሞ ተቀባይ ኦክስጅን አለው ግን የሚሰጠው የለውም፣ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ሞላ።

ሌላው ችግር «ፖላር» የሚለው ቃል ብዙ ነገር በአንድ ላይ ጠቅልሎ መያዙ ነው። የአሴቶናይትራይል ዳይፖል 3.9 ዲባይ (የዳይፖል መለኪያ) ነው፣ የውሃ 1.85 ብቻ። በዚህ ብቻ ብንሄድ አሴቶናይትራይል ከውሃ በእጥፍ ይበልጥ ፖላር ሊባል ነው፣ የዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት (ፈሳሹ በቻርጆች መሀል ያለውን መሳሳብ ምን ያህል ያዳክማል የሚለው) ካየን ግን ውሃ 78 አሴቶናይትራይል 36 አካባቢ ነው። የቱ ነው እውነቱ? ሁለቱም፣ የተለያየ ነገር ነው የሚለኩት። የእኔ ምክር ፖላር የሚለውን ቃል ስትሰሙ «በምን በኩል?» ብላችሁ ጠይቁ ነው።

ዘይትና ውሃ የማይደባለቁት ስለሚጠላሉ ነው?

አይጠላሉም፣ ይሄ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። የውሃ ሞለኪውልና የዘይት ሞለኪውል በዲስፐርሽን በደንብ ይሳሳባሉ፣ አንድ ጠብታ ዘይት ንጹህ ውሃ ላይ ስታደርጉ ተዘርግቶ ሊቀመጥ የሚችለው እኮ ስለሚሳሳቡ ነው። ችግሩ ያለው ውሃው ከራሱ ጋር ባለው ጉዳይ ነው፣ ለዘይቱ ሞለኪውል ክፍተት ለመክፈት ውሃው የሃይድሮጂን ቦንዶቹን እንደገና ማደራጀት አለበት።

የሚገርመው በክፍል ሙቀት ውሃው ቦንዶቹን ብዙም አያጣቸውም፣ የሚያጣው ነጻነቱን ነው። እንግዳው አጠገብ ያሉት የውሃ ሞለኪውሎች ሃይድሮጂን ቦንድ የሌለበት ጎን ላለማዞር ሲሉ የሚዞሩበት አቅጣጫ ይገደባል፣ ያ ማለት ኢንትሮፒ ቀነሰ ማለት ነው። ለዛ ነው ሄክሴን (ዘይት መሰል ፈሳሽ) ውሃ ውስጥ ሲገባ የሙቀት ለውጡ ዜሮ አካባቢ ሆኖ ሳለ አልሟሟም የሚለው። ሙቀቱ ሲጨምር ደሞ ሂሳቡ ይቀየራል፣ ውሃው ነጻ እየሆነ ቦንድ መክሰር ይጀምራል፣ ኢንትሮፒው የነበረበትን ቦታ ኤንታልፒው (የሙቀቱ ሂሳብ) ይወስዳል።

ክሮማቶግራፊ ባጭሩ ምንድነው? ማን ነው የጀመረው?

ድብልቅ ነገርን መለያያ ነው፣ አንድ የቆመ ነገር (ስቴሽነሪ ፌዝ) አለ፣ በሱ ውስጥ የሚያልፍ ነገር (ሞባይል ፌዝ) አለ፣ ድብልቁ በሁለቱ መሀል እየተመላለሰ ይሄዳል። አንዱ የቆመው ላይ ቢበዛ ይዘገያል፣ ሌላው የሚፈሰው ውስጥ ቢበዛ ይቀድማል።

የጀመረው ሩሲያዊው የእጽዋት ተመራማሪ ሚካኤል ጽቬት ነው፣ 1903 ዋርሶ ውስጥ ስለ ዘዴው ተናገረ፣ 1906 ደሞ ስሙን ሰጥቶ አሳተመ። የቅጠል ቀለሞችን በጠመኔ ዱቄት (ካልሲየም ካርቦኔት) በተሞላ የመስታወት ቱቦ ውስጥ እያሳለፈ ነበር የሚለያያቸው። በዘመኑ ብዙ ኬሚስት ቁብ አልሰጠውም። ነገሩ የተቀየረው በ1941 አርቸር ማርቲንና ሪቻርድ ሲንጅ የቆመውን ነገር ፈሳሽ አድርገው በሁለት ፈሳሽ መሀል የሚደረግ ክፍፍል መሆኑን ሲያሳዩ ነው፣ 1952 የኖቤል ሽልማት አገኙበት፣ በዛው አመት ማርቲን ከጄምስ ጋር ሆኖ ጋዝ ክሮማቶግራፊን አሳተመ። ለሶልቬሽን ሰው ትልቁ ነገር የ1941ዱ ነው፣ ምክንያቱም ከዛ በኋላ ኮለም ማለት ሁለት ሶልቬንቶችን (ማሟሟቻ ፈሳሾችን) የሚያወዳድር መለኪያ ሆነ።

ሞለኪውሎቹ ኮለም ውስጥ በተለያየ ፍጥነት ነው የሚሄዱት?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማንኛውም ሞለኪውል ሞባይል ፌዝ ውስጥ እስካለ ድረስ ከፈሳሹ እኩል ነው የሚሄደው፣ ስቴሽነሪ ፌዝ ላይ ሲሆን ደሞ ጭራሽ አይሄድም። ልዩነቱ ከጊዜው ምን ያህሉን ቆሞ ያሳልፋል የሚለው ነው። ይሄንን የሚነግረን ኬ የሚባለው የሪቴንሽን ፋክተር ነው፣ ቆሞ ያሳለፈው ጊዜ ሲካፈል እየሄደ ላሳለፈው።

15 ሳንቲሜትር ርዝመት 4.6 ሚሊሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ኮለም በደቂቃ 1 ሚሊ እያፈሰሳችሁ ከሆነ ምንም የማይያዝ ነገር (ለምሳሌ ዩራሲል) ወደ 1.5 ደቂቃ ላይ ይወጣል። የእናንተ ፒክ (ሞለኪውሉ ሲወጣ መሳሪያው የሚስለው ጉብታ) 6 ደቂቃ ላይ ከወጣ 4.5 ደቂቃ ቆሟል ማለት ነው፣ ኬ 3 ሆነ፣ ከጊዜው 75 በመቶውን ሲይ18 (የዚህ ኮለም ስቴሽነሪ ፌዝ፣ ቀጥሎ ይመጣል) ላይ ተቀምጦ ነው ያሳለፈው። ስለዚህ ሪቴንሽን ታይም (ፒኩ የሚወጣበት ጊዜ) የሞለኪውሉ የግል ጸባይ አይደለም፣ ሞለኪውሉ በሁለት አካባቢዎች መሀል ያደረገው ምርጫ ነው። አንዱን አካባቢ ከቀየራችሁ ቁጥሩም ይቀየራል።

ኖርማል ፌዝና ሪቨርስድ ፌዝ ልዩነታቸው ምንድነው?

ኖርማል ፌዝ ላይ የቆመው ነገር ሲሊካን የመሰለ ፖላር ነው፣ የሚፈሰው ሄክሴን ምናምን። ሪቨርስድ ላይ ተገልብጦ የቆመው ሲይ18 ነው (ሲሊካ ላይ የተተከለ 18 ካርቦን ያለው ሰንሰለት)፣ የሚፈሰው ውሃ ከሜታኖል ወይ ከአሴቶናይትራይል ጋር። ዛሬ ኤችፒኤልሲ (ፈሳሹን በከፍተኛ ግፊት የሚገፋ ክሮማቶግራፊ) ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ሪቨርስዱን ነው።

ኖርማል ፌዝ ግን ሃይድሮጂን ቦንድን ለማየት የሚያምር ነው። ኦርቶ ናይትሮፌኖልና ፓራ ናይትሮፌኖል ፎርሙላቸው አንድ ነው፣ ነገር ግን የኦርቶው ኦኤች አጠገቡ ካለው ናይትሮ ጋር ውስጥ ለውስጥ ስለተሳሰረ ለውጪ የሚሰጠው የለም፣ የፓራው ግን እጁ ነጻ ነው። ሲሊካ ላይ ኦርቶው ሹልክ ብሎ ሲያልፍ ፓራው ተይዞ ይቀራል።

ሜታኖል ልጠቀም ወይስ አሴቶናይትራይል?

ሁለቱም የሚሰሩ ከሆነ ሁለቱንም ሞክሯቸው፣ ምክንያቱም አንዱ በሌላው የሚተካ ነገር አይደለም። ሜታኖል ሃይድሮጂን ይሰጣል ይቀበላል፣ አሴቶናይትራይል መስጠት ላይ ደካማ ነው ግን ትልቅ ዳይፖል አለው፣ ፓይ ኤሌክትሮንም (የድርብ ወይ የሦስትዮሽ ቦንድ ኤሌክትሮን) አለው። ስለዚህ አንዱ ላይ የተደራረቡ ሁለት ፒኮች ሌላው ላይ ቦታ ተቀያይረው ሊወጡ ይችላሉ። አሮማቲክ (የቤንዚን አይነት ቀለበት ያላቸው) ነገሮችን ፌኒል ኮለም (እንደዚሁ አይነት ቀለበት የተተከለበት) ላይ ለመለየት ስትፈልጉ አሴቶናይትራይል ራሱ የፓይ መሳሳቡን ስለሚሻማ ሜታኖል ብዙ ጊዜ ይሻላል።

የላቡ ጉዳይ ደሞ አለ። አሴቶናይትራይል እስከ 190 ናኖሜትር ድረስ ዩቪ አይከለክልም፣ ሜታኖል 205 አካባቢ ላይ መዝጋት ይጀምራል። ግፊትም አለ፣ ከታች ያለውን እዩ።

ውሃና ሜታኖል ስቀላቅል ሞቀ፣ መጠኑም ጎደለ፣ ምን አጠፋሁ?

ምንም። 50 ሚሊ ውሃና 50 ሚሊ ሜታኖል ሲደመር 100 ሚሊ አይሆንም፣ ወደ 96 ወይ 97 ነው የሚሆነው፣ ሞለኪውሎቹ ተቀራርበው ስለሚታሸጉ። አዳዲስ ሃይድሮጂን ቦንድ ስለሚፈጠርም ይሞቃል። አሴቶናይትራይልና ውሃ ደሞ ተቃራኒው ነው፣ ሲቀላቀሉ ጠርሙሱ በእጅ እስኪታወቅ ድረስ ይቀዘቅዛል። ለዚህ ነው ሁለቱን ለየብቻ ለክታችሁ ቀላቅሉ የሚባለው፣ አንዱን ሲሊንደር ውስጥ አድርጋችሁ በላዩ ላይ እስከ ምልክቱ ሙሉ ካላችሁ ሌላ ኮምፖዚሽን ነው የሚሆነው፣ ሌላ ሰው ሲደግመው ሪቴንሽኑ አልገጥም ይለዋል።

የውሃና ሜታኖል ድብልቅ ውፍረቱ (ቪስኮሲቲው) ግማሽ በግማሽ አካባቢ ከሁለቱም ይበልጣል፣ ከንጹህ ውሃ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ግራዲየንት (እየሄደ ሳለ የሞባይል ፌዙን ድብልቅ ቀስ በቀስ መቀየር) ስትሰሩ መሀል ላይ ግፊቱ ወጥቶ የሚወርደው ፓምፑ ተበላሽቶ አይደለም።

ሪቴንሽን ታይሙ በየቀኑ ይንሸራተታል፣ ከምን ነው?

መጀመሪያ ሞባይል ፌዙን ጠርጥሩ። ለትናንሽ ሞለኪውሎች ኦርጋኒኩ (ሜታኖሉ ወይ አሴቶናይትራይሉ) በ10 በመቶ ሲቀየር ኬ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይቀየራል፣ ስለዚህ 1 በመቶ ስህተት ራሱ ወደ 10 በመቶ ይጎትታል። ሁለተኛ ሙቀት፣ አንድ ዲግሪ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይቀይራል፣ ኮለሙን ኦቨን ውስጥ ማስቀመጥ ቅንጦት አይደለም።

ሦስተኛው እና አሲድ ወይም ቤዝ ለሚሰራ ሰው ዋናው ፒኤች ነው። ቻርጅ የያዘ ሞለኪውልን ውሃው አጥብቆ ስለሚከበው ወደ ሲይ18 መግባት አይፈልግም፣ ቻርጁ ሲጠፋ ይገባል። የባፈሩ (ፒኤችን የሚያረጋጋው ውህድ) ፒኤች ከሞለኪውሉ ፒኬኤ (ግማሹ ቻርጅ የሚይዝበት ፒኤች) ጋር ከተቀራረበ ትንሽ ለውጥ ብዙ ያወዛውዘዋል፣ ስለዚህ ቢያንስ 2 ዩኒት ራቁ ይባላል። ፒኤችን ደሞ ኦርጋኒኩን ከመጨመራችሁ በፊት ውሃው ላይ ለኩ፣ ሜታኖል ከገባ በኋላ የአሲዱም የባፈሩም ሶልቬሽን ስለሚቀየር ሜትሩ የሚያሳየው ቁጥር ሌላ ትርጉም ነው ያለው።

ፒኩ ጅራት አወጣ፣ ለምን?

አሚን (ናይትሮጂን ያለው ቤዝ) ከሆነ ተጠርጣሪው ሲላኖል ነው። ሲይ18 ሲሊካውን ሙሉ በሙሉ አይሸፍነውም፣ መሀል መሀል ላይ ያልተሸፈነ ኦኤች ይቀራል፣ አንዳንዱ ፒኤች ከፍ ሲል ኔጌቲቭ ቻርጅ ይይዛል፣ ፖዘቲቭ የሆነውን አሚን ደሞ ለቀም ያደርገዋል። እነዚህ ቦታዎች ጥቂት ናቸው፣ ይሞላሉ፣ ይለቃሉ ግን ቀስ ብለው፣ ጅራቱ እሱ ነው። ፒኤች ወደ 3 ማውረድ፣ ኢንድካፕድ የሆነ (ቀሪ ኦኤቹ እንዲሸፈን የተደረገ) ኮለም መጠቀም፣ ድሮ ድሮ ደሞ ትራይኢታይልአሚን ጨምሮ ቦታዎቹን ማስያዝ መፍትሄዎቹ ናቸው።

ሁሉም ፒክ ጅራት ካወጣ ግን ኬሚስትሪውን ተዉት፣ ቱቦ መገናኛ ላይ ክፍተት አለ ወይም የኮለሙ አፍ ተበላሽቷል።

ሳምፕሉን በምን ላሟሟው?

በሞባይል ፌዙ፣ ወይም ከሱ በደከመ ነገር። በንጹህ አሴቶናይትራይል አሟሙታችሁ ብዙ ውሃ ያለበት ሞባይል ፌዝ ላይ ከወጋችሁት ሞለኪውሎቹ የራሳቸውን ሶልቬንት ይዘው ለትንሽ ጊዜ ሳይያዙ ይጋልባሉ፣ ቀድሞ የሚወጣው ፒክ ይሰፋል ወይም ለሁለት ይሰነጠቃል። ከ5 ማይክሮሊትር በታች ስትወጉ ላይታይ ይችላል፣ ያው መጠኑን ስትጨምሩ ይወጣል።

ሁለት ፒክ አልለያይ አሉ፣ ረዥም ኮለም ልግዛ?

ግዙ የሚል ሻጭ አይጠፋም፣ ግን መጀመሪያ ሂሳቡን እዩ። መለያየቱ በሦስት ነገር ይወሰናል፦ የኮለሙ ፕሌት ብዛት (የኮለሙ ብቃት መለኪያ)፣ ኬ፣ እና የሁለቱ ኬ ንፅፅር (አልፋ)። ፕሌቱ ስኩዌር ሩት ውስጥ ስላለ ኮለሙን እጥፍ ብታደርጉት የምታገኙት 1.4 እጥፍ ብቻ ነው፣ ጊዜውና ግፊቱ ግን እጥፍ ይሆናል። አልፋን ከ1.1 ወደ 1.2 ብታሳድጉት ግን ወደ 1.8 እጥፍ ታገኛላችሁ። አልፋ የሚያድገው ደሞ ሶልቬንቱን፣ ፒኤቹን ወይም የኮለሙን አይነት በመቀየር ነው፣ ማለትም ሶልቬሽኑን በመነካካት።

እዚህ ጋር የሚደንቅ ነገር አለ። አልፋ 1.1 ማለት በጉልበት ሲተረጎም በ25 ዲግሪ 0.24 ኪሎጁል በሞል ነው፣ የአንድ የውሃ ሃይድሮጂን ቦንድ ከሰማንያ እጅ አንዱ ገደማ። ይቺን ልዩነት ኮምፒውተር ላይ አስልቶ በትክክል መተንበይ እስካሁን ከባድ ነው፣ ተራ ኮለም ግን በአስር ደቂቃ ሁለት ፒክ አድርጎ ያሳያችኋል።

የሶልቬንት ፖላሪቲ በአንድ ቁጥር ይለካል?

ሞክረዋል፣ በጣም የሚያምረው ሙከራ የራይካርት ቀለም ነው። ይሄ ሞለኪውል እንደገባበት ሶልቬንት ቀለሙን ይቀያይራል፣ ሜታኖል ውስጥ ቀይ፣ ኢታኖል ውስጥ ወይንጠጅ፣ አሴቶን ውስጥ አረንጓዴ። ብርሃን ሳይነካው ያለው ሁኔታ ከነካው በኋላ ካለው ይልቅ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ቻርጁ ተለያይቶ የተቀመጠ ስለሆነ ጥሩ አቃፊ ሶልቬንት የመጀመሪያውን ያረጋጋዋል፣ ለመቀስቀስ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል ማለት ነው። ጉልበቱ በኪሎካሎሪ ሲጻፍ ውሃ 63.1፣ ሜታኖል 55.4፣ አሴቶናይትራይል 45.6፣ ሄክሴን 31.0 ይመጣል።

ያምራል፣ ግን አንድ ሞለኪውል የሚነግራችሁ እሱ የሚያየውን ብቻ ነው። ዳይሜታይል ሰልፎክሳይድ በዚሁ ቀለም 45.1 ነው፣ ከአሴቶናይትራይል ጋር እኩል ሊባል ምንም አልቀረው። ሃይድሮጂን ቦንድ በመቀበል ግን ዳይሜታይል ሰልፎክሳይድ በጣም ይበልጣል፣ ቀለሙ የሚሰጠው ሃይድሮጂን ስለሌለው ይሄንን ጭራሽ አያየውም። ለዚህ ነው ካምሌትና ታፍት ከ1976 ጀምሮ መስጠትን፣ መቀበልን፣ ዳይፖላሪቲን ለየብቻ በሦስት ቁጥር የለዩት። እኔ በአንድ ቁጥር የተደረደረ የፖላሪቲ ሰንጠረዥ ሳይ እጠራጠራለሁ፣ ጀማሪን ይረዳል ግን ሁለት ሶልቬንት ሲቀራረብ ከዳ ያደርጋል።

የኤብራሃም ሞዴል የሚባለው እንዴት ነው የሚሰራው?

የለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ኬሚስት ማይክል ኤብራሃም ያዳበረው ነው፣ ሃሳቡ ሞለኪውሉን በአምስት ቁጥር መግለጽ ነው። ኢ (ልል የሆኑ ኤሌክትሮኖቹ)፣ ኤስ (ዳይፖላሪቲው)፣ ትልቁ ኤ (ሃይድሮጂን የመስጠት አቅሙ)፣ ቢ (የመቀበል አቅሙ)፣ ቪ (የሞለኪውሉ ይዘት)። እያንዳንዱ ቁጥር ሲስተሙ ባለው ኮኤፊሸንት ይባዛል፣ ይደመራል፣ የሚወጣው ሎግ ኬ (የኬ ሎጋሪዝም) ወይም ሎግ ፒ (ሞለኪውሉ በኦክታኖልና በውሃ መሀል የሚከፋፈልበት ንፅፅር ሎጋሪዝም) ነው። ሲስተም ማለት ሁለቱ ፌዞች ናቸው፣ ኮኤፊሸንቱ ደሞ የሁለቱ ፌዞች ልዩነት ነው።

ኦክታኖልና ውሃን እንይ። ኮኤፊሸንቶቹ ለኢ 0.562፣ ለኤስ ኔጌቲቭ 1.054፣ ለኤ 0.034፣ ለቢ ኔጌቲቭ 3.460፣ ለቪ 3.814፣ ቋሚው 0.088። ቤንዚን ቀለበቱ (ነዳጁ አይደለም) 0.610፣ 0.52፣ 0፣ 0.14፣ 0.7164 ነው፣ አባዝታችሁ ስትደምሩ 2.13 ይመጣል፣ በሙከራ የተለካውም 2.13 ነው። ፌኖልን ስታሰሉ ደሞ (0.805፣ 0.89፣ 0.60፣ 0.30፣ 0.7751) 1.54 ይመጣል፣ የተለካው ወደ 1.5 ነው።

ከመልሱ ይልቅ ግን ኮኤፊሸንቶቹን አንብቧቸው፣ ወሬው ያለው እዛ ነው። ቪ ላይ ያለው ትልቅ ፖዘቲቭ፣ ትልቅ ሞለኪውል ውሃ ውስጥ ክፍተት ማስከፈት ስለሚያስወድድ ወደ ኦክታኖል ይሄዳል ማለት ነው። ቢ ላይ ያለው ትልቅ ኔጌቲቭ ውሃ ሃይድሮጂን በመስጠት ከኦክታኖል በጣም ስለሚበልጥ ተቀባይ ሞለኪውሎችን ወደራሱ ይስባል ማለት ነው። ኤ ላይ ዜሮ የሚጠጋው ደሞ ሁለቱ በመቀበል እኩል ስለሆኑ ሰጪ ሞለኪውል የትም ቢሆን ግድ የለውም ማለት ነው። ሲይ18 ላይም ተመሳሳይ ነው፣ ቪ እና ቢ ናቸው ነገሩን የሚነዱት፣ ዳይፖሉ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ፖላር ነው አይደለም እያልን የምንከራከረው ነገር አብዛኛው ይዘትና ሃይድሮጂን ቦንድ መቀበል ሆኖ ያርፋል።

ሎግ ፒን ከኤችፒኤልሲ ማግኘት ይቻላል?

ይቻላል፣ ኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) ራሱ ለዚህ ያወጣው መመሪያ አለ፣ ቁጥር 117፣ ከ0 እስከ 6 ላለው ሎግ ፒ። የሚታወቁ ነገሮችን ወግታችሁ የሎግ ኬና የሎግ ፒ መስመር ትሰራላችሁ፣ ከዛ የማይታወቀውን ታነባላችሁ። ጠርሙስ መነቅነቁ (ኦክታኖልና ውሃ ውስጥ ነቅንቆ መለካት፣ መመሪያ 107) ከኔጌቲቭ 2 እስከ 4 ድረስ ስለሚሰራ በጣም ዘይታማ ለሆኑት ኮለሙ ይሻላል፣ ሳምፕሉ ንጹህ ባይሆንም ግድ የለም።

አንድ ወጥመድ አለ። ኦክታኖል ሃይድሮጂን ይቀበላል፣ ሲይ18 ግን አይቀበልም፣ ስለዚህ ከላይ ያየነው የኤ ኮኤፊሸንት ኦክታኖል ላይ ዜሮ ሆኖ ሲይ18 ላይ ኔጌቲቭ ነው። ፌኖልና መሰሎቹ ከኮለሙ ሲሰላ ሎግ ፒያቸው ያነሰ ይመስላል። ማስተካከያው የካሊብሬሽን መስመሩን ከሚለካው ነገር ጋር በተመሳሳይ ቤተሰብ መስራት ነው።

ግራና ቀኝ የሆኑ ሞለኪውሎች ተራ ኮለም ላይ ለምን አይለያዩም?

ኢናንቲዮመሮች (እንደ ግራና ቀኝ እጅ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል የሆኑ ሞለኪውሎች) በተራ አካባቢ ውስጥ ሶልቬሽናቸው ፍጹም እኩል ነው፣ ያው ይዘት፣ ያው ዳይፖል፣ ያው ሃይድሮጂን ቦንድ። አምስቱም የኤብራሃም ቁጥሮች አንድ ናቸው፣ ኮለሙን መቶ ሜትር ብታደርጉትም ለውጥ የለም። ከሁለቱ ፌዞች አንዱ ራሱ ግራ ወይ ቀኝ መሆን አለበት፣ ለምሳሌ ሳይክሎዴክስትሪን ወይም የሴሉሎስ ተዋጽኦ የተተከለበት። ያኔ አንዱ ሦስት ቦታ ላይ ሲገጥምለት ሌላው ሁለቱ ላይ ብቻ ይገጥማል። የኤብራሃም ሞዴል ይሄንን በጭራሽ አይተነብይም፣ ቅርጽ የሚባል ነገር ስለሌለበት፣ ድክመቱ ነው።

ሪቨርስድ ፌዝ ላይ ውሃው ነው የሚያባርረው ወይስ ሲይ18ቱ ነው የሚስበው?

በ1976 ሆርቫትና ባልደረቦቹ ሶልቮፎቢክ በሚባለው ቲዮሪያቸው ክብደቱን ሞባይል ፌዙ ላይ ጣሉት፣ ሲይ18ቱ ዝም ብሎ የሚቀበል ነው አሉ። ብዙ መጽሃፍ አሁንም እንደዛ ይላል። ችግሩ ከሁለት ፌዝ አንዱን ብቻ እያዩ ማን ገፋ ማን ሳበ ማለት አይቻልም፣ የሚለካው ልዩነቱ ብቻ ነው። ሦስተኛ መነሻ ያስፈልጋል፣ ለዛ ደሞ ጋዝ የሚመች ነው፣ ሞለኪውሉ ብቻውን ከማንም ጋር ሳይነካካ ያለበት።

በሲይ18 ፋንታ ሄክሳዴኬንን (16 ካርቦን ያለው ዘይት መሰል ፈሳሽ) ወስዳችሁ አንድ ሲኤች2 (የካርቦን ሰንሰለት አንድ ቀለበት) ብቻ ተከታተሉ። ከጋዝ ወደ ሄክሳዴኬን ሲገባ ወደ 2.9 ኪሎጁል በሞል ያተርፋል፣ ከጋዝ ወደ ንጹህ ውሃ ሲገባ ደሞ ወደ 0.7 ይከስራል። ከውሃ ወደ ሄክሳዴኬን ሲሻገር ጠቅላላው 3.6 ነው፣ ከዚህ አራት አምስተኛው የመጣው ከዘይቱ በኩል ነው። ሜታኖል ሲጨመርበት ውሃው ማባረሩ ይጠፋል፣ እንዲያውም ሲኤች2ውን ራሱ መሳብ ይጀምራል፣ ሪቴንሽኑም የሚቀንሰው ለዛ ነው። ስለዚህ እኔ ዲስፐርሽኑን ነው የምደግፈው።

ግን ይሄ ስሌት ሲይ18ን እንደ ንጹህ ዘይት ነው የቆጠረው፣ እውነተኛው ኮለም ላይ ደሞ ሞባይል ፌዙ ሰንሰለቶቹ መሀል ይገባል። አሴቶናይትራይል ላዩ ላይ ብዙ ሞለኪውል የሚደራረብ ወፍራም ሽፋን ይሰራል፣ ሜታኖል ደሞ አንድ ድርብ አካባቢ ብቻ። ሞለኪውሉ የሚገባበት «የቆመ» የምንለው አካባቢ ራሱ በከፊል ሶልቬንት ነው ማለት ነው፣ ሜታኖሉን በአሴቶናይትራይል ስትተኩ የቀየራችሁት ሞባይል ፌዙን ብቻ ሳይሆን ኮለሙንም ጭምር ነው።